ሳጥኑ ሲሞላ፦ ነፃው ኢሜይል ይበቃናል ወይስ እንክፈል?

«ኢሜይልሽ እየመለሰብኝ ነው።»

የደወለልኝ መጽሐፉን የማርምለት ደራሲ ነው። የመጨረሻውን ረቂቅ ልኮልኛል፣ እኔ ጋ ግን የለም። እሱ ጋ ተመልሶ የደረሰው የተቀባይዋ ሳጥን ሞልቷል የሚል መልእክት ነው። ላፕቶፔን ከፈት ሳደርግ እውነትም ላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ለሳምንታት ሲለምነኝ ነበር። እኔ ደግሞ «እሺ፣ በኋላ» እያልኩ ስዘጋው ከርሜያለሁ።

ሥራዬ ከነነፍሱ ያለው ኢሜይል ውስጥ ነው። የሰው ጽሑፍ ይመጣልኛል፣ አርሜ እመልሳለሁ፣ ተስተካክሎ ይመጣል፣ እንደገና አያለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ያደረግኩት የደነገጠ ሰው የሚያደርገውን ነው። ተጨማሪ ቦታ ግዢ የሚለውን ተጫንኩ፣ የካርዴን ቁጥር አስገባሁ፣ ከፈልኩ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ረቂቁ ደረሰ፣ ደራሲውም ደስ አለው።

ከሦስት ወር በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ሳጥኑን የሞላው ምን እንደሆነ ያየሁት። ደብዳቤዎቼ አልነበሩም። ለማያስፈልገኝ ነገር እየከፈልኩ፣ መክፈል ለሚገባኝ ነገር ግን አንድም ሳንቲም አላወጣሁም ነበር። እናንተ ይህን ስህተት እንዳትደግሙት ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመክፈላችሁ በፊት ሳጥኑን ገልብጣችሁ እዩት

ጂሜይል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህ ቦታ የኢሜይል ብቻ አለመሆኑን ነው። ጉግል ድራይቭና ጉግል ፎቶም የሚያድሩት እዚያው ነው። ሦስት ሰው አንድ ክፍል ተከራይቶ እንደመኖር ነው፤ አንዱ ዕቃ ካበዛ ሌሎቹ መቆሚያ ያጣሉ። እኔ ጋ ዕቃ ያበዛው ፎቶው ነበር። ስልኬ ያነሳሁትን ሁሉ፣ የተበላሸውንም፣ ሳላውቀው ኪሴ ውስጥ ያነሳውን ጨለማም ሳይቀር በራሱ እየሰቀለ ቆይቷል። የኢሜይሌ ድርሻ 3 ጊጋባይት እንኳ አልሞላም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጉግል ፎቶ በ2015 ሲጀምር መጠናቸው የተጨመቀ ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ያስቀምጥ ነበር። ከጁን 1፣ 2021 ወዲህ የሚሰቀሉት ግን ከ15 ጊጋባይቱ ይቆጠራሉ። ነፃ ነገር ሲሰጣችሁ ውሉን የሚጽፈው ሰጪው ነው፤ የሚቀይረውም እሱው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አውትሉክ ለነፃ ተጠቃሚ 15 ጊጋባይት የመልእክት ቦታ አለው። ነገር ግን ከደብዳቤ ጋር የተያያዙ ፋይሎች ዋንድራይቭ ከሚባለው የማይክሮሶፍት ፋይል ማስቀመጫ 5 ጊጋባይት ጭምር ስለሚቆጠሩ፣ ብዙ ፋይል የሚቀበል ሰው ቀድሞ የሚሞላበት ያኛው ነው። የአፕሉ አይክላውድ ደግሞ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ነው፤ የአይፎኑ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው ይገባል። አንድሮይድ ስልክ ያላችሁ ደግሞ የዋትስአፕ ባክአፓችሁን ተመልከቱ። እሱም ከጉግል ቦታችሁ ላይ ይቆጠራል። በየቡድኑ የሚላከው የመልካም በዓል ቪዲዮ ሁሉ የት እንደሚሄድ አሁን ገባችሁ?

ደብዳቤ ራሱ ቦታ አይበላም። ፋይል ያልተያያዘበት ተራ ደብዳቤ 50 ኪሎባይት ነው ብንል፣ 1 ጊጋባይት ውስጥ ወደ 20,000 ደብዳቤ ይገባል። ጂሜይል በ2004 ኤፕሪል 1 ቀን 1 ጊጋባይት እሰጣለሁ ብሎ ሲነሳ ብዙ ሰው የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ የመሰለውም ለዚህ ነው። ያኔ ሆትሜይል በነፃ የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር።

ቦታ የሚበላው አታችመንት፣ የተያያዘው ፋይል ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ነገር አለ። ኢሜይል መጀመሪያ የተሠራው ለጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶም ሆነ ፒዲኤፍ ሲላክ ወደ ፊደላት ተለውጦ ነው የሚጓዘው። ሲለወጥ በሲሶ ያህል ይወፍራል። 3 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ 4 ይሆናል ማለት ነው።

የራሴን ላሳያችሁ። አንድ 12 ሜጋባይት የሆነ የመጽሐፍ ፒዲኤፍ ነበረኝ። በኢሜይል ሲሄድ 16 ይሆናል። ከደራሲው ጋር ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስንበት። ዘጠኝ የመጣ፣ ዘጠኝ የሄደ፣ ድምሩ 18 ደብዳቤ። 18 ሲባዛ በ16፣ 288 ሜጋባይት! ለአንድ መጽሐፍ። ከ18ቱ የሚያስፈልገኝ የመጨረሻው ብቻ ነው። «የተላኩ» የሚለው ፎልደር እንደሚቆጠር እስከዚያ ቀን ድረስ ትዝ ብሎኝም አያውቅም።

እንግዲህ ጽዳቱ እንዲህ ነው። ከስልክ ይልቅ በኮምፒውተር ሥሩት፣ ጣታችሁ ያመሰግናችኋል። ጂሜይል ላይ ከመፈለጊያው ሳጥን ጫፍ ማጣሪያ የሚከፍት ምልክት አለ። እሱን ተጭናችሁ መጠናቸው ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ብቻ አውጡ በሉት። አውትሉክ ላይ ደብዳቤዎቹን በመጠን መደርደር ትችላላችሁ። ከላይ የሚመጡት ትላልቆቹ ናቸው። የምትፈልጉትን ፋይል አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ደብዳቤውን አጥፉ። ቀጥሎ ወደ 5 ሜጋባይት ውረዱ። ከዚያ በታች አትድከሙ፣ ትርፉ ለድካሙ አይበቃም።

አጥፍታችሁ ስትጨርሱ ቁጥሩ ካልቀነሰ አትደንግጡ። የጠፋው ትራሽ ውስጥ ነው ያለው። ጂሜይል ትራሹን በራሱ የሚያጸዳው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። ገብታችሁ ባዶ አድርጉት። ፎቶዎቹን ደግሞ መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ መገልበጣቸውንም ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ነው ማጥፋት። ቅደም ተከተሉን አደራ።

እኔ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከ15 ወደ 6 ጊጋባይት ወረድኩ፣ የገዛሁትንም ቦታ ሰረዝኩ። ስለዚህ የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ኢሜይል ሞላብኝ ብላችሁ ብቻ አትክፈሉ። ቦታ ይጸዳል። የሚከፈልበት ምክንያት ሌላ ነው።

ደብዳቤያችሁን ማን ሊያየው ይችላል?

አንድ ወሬ ላስተካክል። ጂሜይል ለማስታወቂያ ሲል ደብዳቤ ያነባል የሚሉ አሉ። እውነት ነበር። ማንበብ ሲባል ሰው ቁጭ ብሎ አይደለም፤ ማሽን ቃላቱን እያየ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ያመጣ ነበር። ጉግል ይህን እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2017 ነው። ስፓምና ቫይረስ ለመለየት ግን ማሽን ማየቱን ይቀጥላል። ያንን ማንም ቢሆን ይፈልገዋል፤ እሱ ባይኖር በቀን መቶ ጊዜ ሎተሪ እንደደረሰን እየተነገረን እንውል ነበር።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጉዳዩ? ቁልፉ ላይ ነው። ዛሬ ትልልቆቹ አገልግሎቶች ሁሉ ደብዳቤያችንን መንገድ ላይ ይቆልፉታል። ከእኔ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ (ደብዳቤውን ወደሚያስቀምጠው የድርጅቱ ኮምፒውተር)፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲሄድ መሀል ላይ የጠለፈው ሰው ምንም አያነብም። ሲደርስ ግን የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍ በድርጅቱ እጅ ነው። ድርጅቱ ከፈለገ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘው፣ ወይም ሌባ ከሰበረው ይከፈታል። ሌባ ሲሰብር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ያሁ የተባለውን የኢሜይል ድርጅት ማየት ይበቃል። በ2013 በደረሰበት ጥቃት የተነካው የአካውንት ብዛት 3 ቢሊዮን፣ ማለትም በጊዜው የነበሩት ሁሉ መሆናቸውን ያመነው በ2017 ነው። አራት ዓመት ቆይቶ!

ሌላ ዓይነት አገልግሎትም አለ። የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ሜይልና የጀርመኑ ቱታ ሳጥኑን የሚቆልፉት በእናንተ ቁልፍ ነው። እነሱ ራሳቸው ከፍተው ማንበብ አይችሉም። ሁለቱም ነፃ አማራጭ አላቸው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ነው ነፃ ማለት ያልተጠበቀ፣ የሚከፈልበት ማለት የተጠበቀ የሚለው ስሌት የሚፈርሰው። የቱታ ነፃ ሳጥን 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጠበቅ አድርጎ ይቆልፋል። ለጉግል ከፍላችሁ 100 ጊጋባይት ስትገዙ ደግሞ የተጨመረላችሁ ሰፊ ክፍል ነው። ቁልፉ በነበረበት እጅ ነው ያለው።

ግን ደግሞ አታካብዱት። ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ከፕሮቶን ተነስታችሁ ለጂሜይል ተጠቃሚ ተራ ደብዳቤ ከላካችሁ፣ ያ ደብዳቤ እዚያኛው ሳጥን ውስጥ ግልጽ ሆኖ ይቀመጣል። በእናንተ በኩል ያለው በር ብቻ ነው የተቆለፈው። ፕሮቶን የደብዳቤውን ርዕስም በዚያ መንገድ አይቆልፈውም። ቱታ ይቆልፋል። ስለዚህ ምስጢሩን ርዕሱ ላይ አትጻፉት።

ሁለተኛ፣ የተቆለፈ ደብዳቤ ማለት የማይታወቅ ላኪ ማለት አይደለም። በ2021 ፕሮቶን በስዊዘርላንድ ሕግ ተገድዶ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች አይፒ አድራሻ መዝግቦ አሳልፎ ሰጥቷል። የደብዳቤዎቹን ይዘት አልሰጠም፣ ሊሰጥም አይችልም ነበር። ከየት ሆኖ እንደገባ ግን ታወቀ።

ሦስተኛው ተራውን ሰው ይበልጥ የሚነካው ነው። ቁልፉ የእናንተ ከሆነ የመጥፋቱም ኃላፊነት የእናንተ ነው። ፕሮቶን ላይ ፓስዎርድ ረስታችሁ አዲስ ብታወጡ አካውንቱ ይከፈታል፤ የድሮ ደብዳቤዎቻችሁ ግን ተቆልፈው ይቀራሉ። የማስመለሻውን ቃላት ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካላስቀመጣችሁ በቀር። ፓስዎርድ በዓመት ሁለት ጊዜ የምትረሱ ከሆነ ይህ መንገድ ለእናንተ አይመስለኝም። በደግ ልቤ ነው የምላችሁ።

የኢሜይል ድርጅቱን ትታችሁ ወደ ራሳችሁ ደግሞ ተመልከቱ። ሳጥናችሁን እንዲያይ የፈቀዳችሁለት አፕ አለ? እኔ አምስት ነበረኝ፣ ሁለቱን ምን እንደሆኑ እንኳ አላስታውስም። አንሮል ሚ የሚባል የማይፈለጉ ማስታወቂያዎችን የሚያጸዳ ነፃ አገልግሎት ነበር፤ ሰዉ ሳጥኑን ከፍቶ ሰጠው። በ2017 እንደታወቀው፣ የአንሮል ሚ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በዚያው መንገድ ያገኘውን የሊፍት ታክሲ ደረሰኞች መረጃ የሰዎቹን ስም እያጠፋ ለተፎካካሪው ለኡበር ይሸጥ ነበር። አሁኑኑ የአካውንታችሁን የደኅንነት ገጽ ክፈቱና የተፈቀደላቸውን አፖች ዝርዝር እዩ። የማታውቁትን አስወጡ።

እግረ መንገዳችሁንም ደብዳቤ ውስጥ ያሉ ፎቶዎች በራሳቸው እንዳይከፈቱ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብሩት። ብዙ የንግድ ደብዳቤ ውስጥ የማይታይ ነጥብ የምታህል ሥዕል አለች። ደብዳቤውን ስትከፍቱ እሷ ከላኪው ሰርቨር ትመጣለች፣ ላኪውም መቼ እንደከፈታችሁት ያውቃል።

የመሥሪያ ቤት ኢሜይልንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ሳጥኑም የእሱ ነው፣ አስተዳዳሪው ሊያየው ይችላል፣ የለቀቃችሁ ቀንም ይዘጋባችኋል።

ገንዘባችሁ የሚገዛው ምንድን ነው?

አጎቴ ባለፈው ዓመት ደወሉልኝ። ስልክ ቀይረው ኢሜይላቸው አልከፈት ብሏቸዋል።

«ጋሼ፣ ፓስዎርዱን ያስታውሱታል?»

«ስልኩ ነበር የሚያስታውስልኝ።»

«እሺ፣ ኮድ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።»

«ልኬያለሁ ይላል። የት እንደላከው እንጃ።»

«አካውንቱን ሲከፍቱ የትኛውን ቁጥር ነበር ያስገቡት?»

«የድሮውን ነዋ።»

«ሲሙስ?»

«አንቺ ልጅ፣ እሱ ከጠፋ አራት ዓመቱ!»

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀመጥንበት። ቅጽ ሞላን፣ አካውንቱ የተከፈተበትን ወር ገመትን፣ በድሮው ላፕቶፕ ሞከርን። የሚመልስልን ማሽን ነው። ደግ ማሽን ነው፣ በትሕትና ነው «ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚለው። የሚደወልለት ሰው የለም። የጡረታ ወረቀታቸው፣ የልጆቻቸው ፎቶ፣ የባንካቸው መልእክት የሚመጣው እዚያ ነበር። አልተከፈተም።

ያኔ ነው የገባኝ። ገንዘብ የሚገዛው የመጀመሪያው ነገር መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ሁሉም የሚከፈልበት አገልግሎት ጥሩ መላሽ አለው ማለቴ አይደለም። እኔ ከመክፈሌ በፊት ሁልጊዜ አንድ ፈተና እሰጣለሁ። አንድ ቀላል ጥያቄ ጽፌ እልካለሁ፦ «መክፈል ባቆም ደብዳቤዎቼ ምን ይሆናሉ?» በሁለት ቀን ውስጥ ሰው የጻፈው መልስ ካልመጣ፣ ከከፈልኩ በኋላም አይመጣም።

ጥያቄው ራሱ ዋና ነገር ነው። የተጨማሪ ቦታ ክፍያ ስታቆሙ ጂሜይል ወደ 15 ጊጋባይቱ ይመልሳችኋል። ያላችሁ ከዚያ ከበለጠ አዲስ ደብዳቤ መቀበል ይቆማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከልክ በላይ ሆናችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ያለውም ሊጠፋ ይችላል። እንደ ፋስትሜይል ያሉት ከሙከራ ጊዜው ሌላ ነፃ አገልግሎት የላቸውም፤ ክፍያው ሲቋረጥ አካውንቱም መዘጋቱ ነው። ካርድ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፣ ሰው የሚታመምበት ጊዜ አለ። ይህን አስባችሁ ግቡ።

ሁለተኛው የሚገዛው ነገር፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው፣ የራስ አድራሻ ነው። የራሳችሁን ዶሜይን (አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣውን ስም) ገዝታችሁ ኢሜይላችሁን በእሱ ላይ ታደርጋላችሁ። አድራሻው የእናንተ ነው፣ ሳጥኑን የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት ደግሞ አከራይ ብቻ ነው። ካላስደሰታችሁ ዶሜይኑ ላይ ደብዳቤ የት ይድረስ የሚለውን መዝገብ ቀይራችሁ ወደ ሌላ ትሄዳላችሁ። ደንበኞቻችሁ ምንም አያውቁም። ውሉን የሚቀይረው ሰጪው ነው ብዬ አልነበር? ከዚያ ማምለጫው ይህ ነው።

እዚህም ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ዶሜይን በየጊዜው ይታደሳል። ከረሳችሁት ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ የገዛው ሰውም ለእናንተ የሚላከውን ሁሉ መቀበል ይችላል፤ የባንክና የፓስዎርድ መቀየሪያ መልእክትን ጨምሮ። ስለዚህ በራሱ እንዲታደስ አድርጉት፣ ለብዙ ዓመትም ክፈሉ። እና ደግሞ ዶሜይኑን የገዛችሁበትን አካውንት በዚያው ዶሜይን ኢሜይል እንዳትከፍቱት። ዶሜይኑ ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያውም ወደተቋረጠው አድራሻ ይላካል። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ነው።

ማስታወቂያ አለመኖሩ፣ ተጨማሪ የሽፋን አድራሻ ማግኘት፣ ኮምፒውተር ላይ ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም መክፈት መቻል የመሳሰሉትም አሉ። ለምሳሌ ፕሮቶንን በተንደርበርድ ለመክፈት የሚያገለግለው ድልድይ የሚሰጠው ለከፋይ ብቻ ነው። ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ ለእነሱ ብዬ ግን ካርዴን አላወጣም።

እኔ እንዴት አከፋፈልኩት

ነፃ ወይስ የሚከፈልበት ብዬ መጠየቅ ተውኩ። አድራሻዬን ለሦስት ከፈልኩት።

አንዱ የሥራዬ ነው። በራሴ ዶሜይን ላይ ነው፣ እከፍልበታለሁ። ይህ አንድ ሳምንት ቢዘጋ እንጀራዬ ነው የሚዘጋው።

አንዱ የቁልፎቼ ነው። ባንክ፣ ሐኪም፣ ግብር፣ የሌሎች አካውንቶች ማስመለሻ። ነፃ ነው፣ ምስጠራ ያለው (በእኔው ቁልፍ የሚቆለፍ) ነው፣ ለማንም አልሰጠውም። በወር አሥር ደብዳቤ ቢመጣበት ነው፤ 1 ጊጋባይቱን ለመሙላት ዕድሜዬ አይበቃም።

የድሮው ጂሜይሌ ደግሞ ለሌላው ሁሉ ነው። ለሱቅ፣ ለጋዜጣ፣ «ኢሜይልዎን ያስገቡና ቅናሽ ያግኙ» ለሚለው ሁሉ። ቢሞላም ግድ የለኝም።

እናንተ ሦስት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኢሜይል የምትከፍቱት በሳምንት አንዴ ከሆነ፣ የሚመጣውም ደረሰኝና ማስታወቂያ ከሆነ፣ ነፃው ከበቂ በላይ ነው። ማንም አያስፈራራችሁ። በአድራሻችሁ ገንዘብ የምታገኙ ከሆነ ግን፣ ለዶሜይን ክፈሉ። የሰው ምስጢር የምትይዙ ከሆነ፣ ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ፣ አማካሪ ከሆናችሁ፣ ምስጠራ ያለውን ያዙ፤ ተደራሻችሁም እዚያው እንዲገባ አግባቡት።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር ዛሬ አድርጉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስዎርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሩ፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹንም በወረቀት አትማችሁ መታወቂያችሁ ባለበት አስቀምጡ። ከዚያ የማስመለሻ ስልክና ኢሜይላችሁን ክፈቱና ዛሬም የሚሠሩ መሆናቸውን እዩ። አጎቴን ሊያድናቸው ይችል የነበረው ይህ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ለመዛወር የቆረጣችሁ

በአንድ ቀን አትዛወሩ። መጀመሪያ ከድሮው ሳጥን ሙሉ ቅጂ አውርዱ። ጉግል ቴክአውት የሚባል ገጽ አለው፣ ደብዳቤዎቻችሁን በአንድ ፋይል አሽጎ ይሰጣችኋል። ተንደርበርድ ይከፍተዋል። ከፍታችሁ እዩት፤ ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

ቀጥሎ ከድሮው ወደ አዲሱ የሚያስተላልፈውን ማስተካከያ አብሩ። አሁን የሚመጣው ሁሉ ሁለቱም ጋ ይደርሳል። ከዚያ የአካውንት ዝርዝር ጻፉ። እኔ የጻፍኩት በደብተር ነው፣ 61 ሆነ። መጀመሪያ ባንኩን፣ ቀጥሎ የስልኩን አካውንት፣ ከዚያ የመንግሥት ነገር ያለበትን ሁሉ ቀየርኩ። የቀረውን ደብዳቤ በመጣልኝ ቁጥር አንድ አንድ እያልኩ። አንድ ዓመት ፈጀ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚጽፍላችሁ አካል ስላለ ከዓመት በታች አትቸኩሉ።

የድሮውን አታጥፉት። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፣ ሌሎች ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው የሚታገሡት። ስለዚህ በየሦስት ወሩ እንድከፍተው ስልኬ ያስታውሰኛል።

ባለፈው ስከፍተው 412 ያልተነበበ ነበር። ሁሉንም ልጠርግ ስል መሀሉ ላይ አንድ ስም አየሁ። ያ ደራሲ ነው። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጨርሷል፣ ረቂቁን የላከው በድሮው አድራሻ ነው። አታችመንቱ 14 ሜጋባይት። አወረድኩት፣ ደብዳቤውን አጠፋሁ፣ ትራሹን ባዶ አደረግኩ፣ መልሱን በአዲሱ አድራሻ ላክሁለት።